በጉልበት የተላጠ ቆዳ

ወይዘሮ ስንቅነሽ የኔታ ዘንድ መጥታ እንዲህ ስትል ጠየቀች፤ «ልጄ ሕፃኗ ከሞተባት ዓመት ሞላት። ከጥቁር ልብሷ አልወጣ አለች፤ እህል በአፏ አይዞርም። ብለምናት እንቢ ስትለኝ ጥቁሩንም፣ የሕፃኑንም ልብስ ሰብስቤ አቃጠልኩት። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ሰርግ ቤት ወሰድኳት። ከዚያ ወዲህ በሯን ዘግታብኛለች። የኔታ፣ እኔ እኮ ላድናት ብዬ ነው። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

የኔታ እንዲህ ብለው ነገሯት።

አንድ መረብ ሠሪ ነበረ። ሚስትም ልጅም የለውም፤ ሐይቅ ዳር ብቻውን ይኖራል። አንድ ቀን ለጥገና ካመጡለት መረብ ውስጥ ጣት የምታህል አርጃኖ ተጠላልፋ አገኘ። አርጃኖ እንሽላሊት ይመስላል፤ ሲያድግ ግን ከክንድ ይረዝማል። ሰውየው ክሩን በጥሶ አወጣትና ቤቱ አሳደጋት። የዓሣ አንጀት ከእጁ ትበላለች፤ መረብ ሲሠራ ጭኑ ላይ ተኝታ ፀሐይ ትሞቃለች። ጎረቤቶቹ «ይሄ ሰው ምን ነካው?» እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ በር ድረስ ወጥቶ የሚቀበለው ሌላ ፍጡር አልነበረውም።

አርጃኖ በየጊዜው አሮጌ ቆዳውን ይጥላል። እሷም ጊዜው ሲደርስ ሐይቁ ውስጥ ትነከርና ቆዳው በራሱ እየተላቀቀ ይወድቅላት ነበር። አንድ ዓመት ግን ዝናብ ጠፋ። ሐይቁ ሸሸ፤ አየሩ ደረቀ። የጀርባዋ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ቀረ፤ በጣቶቿና በጭራዋ ላይ ያለው ደግሞ እንደ ክር ተጠምጥሞ ጠፍሮ ያዛት። መብላት ተወች። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ለድንጋይ ስትታከክ ይሰማታል፤ አላስችል አለው።

በሰፈሩ ከብት የሚያክሙ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሄዶ ጠየቃቸው።

«ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጣት፤ ስትወጣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርግባት» አሉት። «በየቀኑ እንዲህ አድርግ። እንዳትልጣት ብቻ!»

«ስንት ቀን፣ እማማ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ እስኪለቅ ነዋ።»

ሦስት ቀን እንዳሉት አደረገ። በአራተኛው ቀን ቢያየው ቆዳው እዚያው ነው። ትዕግሥቱ አለቀ። ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ይልጣት ጀመር። ጀርባዋ ላይ ያለው ቀለል ብሎ ሲመጣለት ደስ አለው። ጣቷ ጋ ሲደርስ ግን ቆዳው ከነሥጋው፣ ከነጥፍሩ ተነቀለ። እጁን ነክሳ የማታውቅ እንስሳ ነከሰችው። «ዛሬ ብታምም ነገ ታርፋለች» አለና አጥብቆ ይዞ ሁሉንም ጨረሰ።

ቁስሉ አመረቀዘ። ሁለት ጣቶቿ ወደቁ። ሰውየው አለቀሰ፤ ቁስሉንም እያጠበ አዳነው። እሷ ግን ከዚያን ቀን በኋላ ከእጁ አልበላችም። ኮቴውን ስትሰማ አልጋው ሥር ትገባለች። እሱ ሲወጣ ብቻ ብቅ ብላ ያስቀመጠላትን ትቀምሳለች።

በዓመቱም ድርቁ አልለቀቀም፤ ቆዳው እንደገና ያዛት። አሁን ሰውየው ማድረግ የሚገባውን ያውቃል። ውሃውን አሙቆ በሳፋ አቀረበ። ጨርቁን አራሰ። መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ «ነይ እመቤቴ፤ አልነካሽም» እያለ ለመናት። በጠራት ቁጥር ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ እንደገና ያሞቃል። እንዲህ ሲል ሰነበተ። በዘጠነኛው ቀን አልጋውን አንሥቶ ሲያይ ከነቆዳዋ ደርቃ፣ ሞታ አገኛት።

የኔታ ወደ ወይዘሮ ስንቅነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጥፋትሽን ጠይቀሽኛል። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ አንቺም የለብሽም። ልጅሽም እንደዚያች እንስሳ ናት፤ ሐዘኗ ገና ከሥጋዋ አልተላቀቀም ነበር። በጉልበት ስትነቅዪው ሥጋዋን ይዞ መጣ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቁስሉ አይደለም፤ ቁስል ይሽራል። ከዚህ በኋላ ብትወድቅ ልታነሺያት የምትዘረጊውን እጅ እንድትፈራው አድርገሻታል።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። «አሁንስ ምን ላድርግ?»

«በሯ ላይ ምግቧን አስቀምጪ። በሩን አትግፊ፣ አታንኳኪ። እዚያው ቁጭ ብለሽ ድምፅሽን አሰሚያት፤ ስለ ሕፃኑም ስሙን እየጠራሽ አውሪላት። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።»

«ትከፍትልኛለች?»

«እሱን አላውቅም» አሉ የኔታ። «ትከፍታለች ብዬ ብልክሽ እንደገና ቀን መቁጠር ትጀምሪያለሽ። ስለዚህ አልልሽም።»