አበባ ሥር የተደበቀችው «ህ»

አንዲት ሴት ነበረች። አንድ የጥር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ የሠርግ ካርድ ትሠራለች። የምታውቋት ዓይነት ሴት ናት፤ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ታስተምራለች፣ ተሠርቶ የተገዛ ነገር አይጥማትም። ጠንካራ ነጭ ወረቀት መሐል ለመሐል አጥፋ፣ እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ እየደጋገመች ትዳምጠዋለች።

ካርዱ ለማን መሰላችሁ? ለታናሽ ወንድሟ ለአሰግድ ነው። ሠርጉ ነገ ነው። እሷ ግን አትሄድም። ካርዱን ለጎረቤቷ ለወይዘሮ ዘነበች ሰጥታ፣ ቤቷ ቁጭ ልትል ቆርጣለች።

ምን ሆነው ነው ትሉኝ ይሆናል። እናታቸው ስትታመም አስታማሚዋ እሷ ነበረች። አሰግድ በሥራ ምክንያት ሩቅ አገር ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። እያለቀሰ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እርስዎን ደግሞ ማን ጠራዎት?» አለችው።

እርስዎ! አዝላ ያሳደገችውን ልጅ! በጥፊ ብትለው ይሻለው ነበር። እሱም ኩሩ ነው፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ እህትና ወንድም አንቱ ተባብለው ኖሩ። ለበዓል ሲደውል «እንደምን አሉ?» ይላታል፤ «ደኅና ነኝ፣ እርስዎስ?» ትለዋለች። የሠርጉ ጥሪ ራሱ «ለክብርት ወይዘሮ የሺመቤት ከነቤተሰብዎ» ተብሎ ነው የመጣላት። እስቲ ንገሩኝ፣ እህትን «ክብርት» ብሎ ከመጥራት የበለጠ ምን የሚያስፈራ ነገር አለ?

እንግዲህ እዚያ መስኮት ሥር ትቆርጣለች፣ ታጥፋለች። ፀሐይዋ በመጋረጃው አልፋ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ከሩቅ፣ ከሆነ ቤት፣ የሠርግ ከበሮ ይሰማል። መቀሱ ሲሄድ ሐሳቧም አብሮት ሄደ። ጣቶቿ ወረቀቱን ሲያጥፉ አንድ የድሮ ክረምት አገኙ። እሷ የወረቀት ጀልባ ትሠራለች፤ አሰግድ በቦዩ ዳር ይሮጣል፤ ጀልባዋ ስትሰምጥ «ሌላ ሥሪልኝ!» ይላል። ትሠራለታለች። ትሰምጣለች። ደግማ ትሠራለታለች። ዝናቡ አይቆምም፣ ልጁም አይጠግብም። እሷም አይሰለቻትም። እዚያው ክረምት ውስጥ እንዳለች ብዕሩን አነሣችና ጻፈች።

«እንኳን ደስ ያለህ።»

ነቃች። ያለህ! «ያለዎት» ነበር እኮ መጻፍ የነበረባት። ቀለም ነው፣ አይጠፋም። ሌላ ነጭ ወረቀት የለም። ምን አደረገች? ከቢጫ ወረቀት ትንሽ አበባ ቆረጠች፣ መሐሉ ላይ «ዎት» ብላ ጻፈች፣ ሙጫ ቀብታ «ህ»ዋ ላይ ለጠፈቻት። አሁን ማን ያውቃል?

ወገኖቼ፣ በአበባ የምንሸፍነው ነገር ስንት ነው!

ወይዘሮ ዘነበች በር ላይ ቆመው «ኧረ ቶሎ በይ፣ እዚያ ሴቶቹ ለወጥ ሥራው እየጠበቁኝ ነው» ሲሏት፣ ሙጫው ሳይደርቅ ካርዱን አጥፋ ሰጠቻቸው።

በማግሥቱ ጠዋት አሰግድ ሙሽሪትን ለማምጣት ሊነሣ ሲል ካርዱን ከፈተው። ሙጫው በአበባዋ ጠርዝ ወጥቶ ከማዶኛው ገጽ ጋር ተጣብቆ አድሯል። ካርዱ ሲከፈት አበባዋ ወደ ማዶ ሄደች፤ «ዎት» የተጻፈበትን ፊቷን እንደደፋች። በዚህኛው ገጽ «ህ» ራቁቷን ቀረች። እንኳን ደስ ያለህ።

ሚዜዎቹ «ረፈደ! የሙሽሪት ቤተሰብ እየጠበቀን ነው!» ይላሉ። ማን ይስማቸው? መኪናውን ወደ እህቱ ቤት አስዞረው።

በሩ ሲንኳኳ የቤት ልብሷን እንደለበሰች ከፈተች። አሰግድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ካርዱን ይዞ ቆሟል።

«ተሳስቼ ነው» አለች፣ ካርዱን ስታየው። «ስጽፍ ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ…»

«ተሳሳቺ!» አላት። «እንዲሁ ስትሳሳቺ ኑሪ! አሁን ልብስሽን ልበሺ። አንቺን ትቼ የማንን ጉልበት ልሳም?»

ሦስት ዓመት የለመደችውን «እርስዎ» አፏ ውስጥ ፈለገችው። የለም። «መጣህ?» ነው ያለችው። «መጣህልኝ?» ከዚያ በኋላማ ምን ንግግር አለ፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሙሽሪት አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። ትጠብቃ!

አሁን እናንተን ልጠይቅ። አማቶቻችሁን አንተ በሉ እያልኩ አይደለም፤ ነገ ከቤት ብትባረሩ የለሁበትም። ግን ክብር እየመሰለ የሚያራርቅ ስንት ቃል አለ? ከአንድ ሳህን እየበላችሁ በልባችሁ እርስዎ የተባባላችሁ ባልና ሚስት የላችሁም? ሰላምታችሁ ሳይጎድል ፍቅራችሁ ያለቀ ወንድማማቾች የላችሁም?

ደግሞ ይህን አስቡ። ለአለቃችሁ እርስዎ ትላላችሁ። ለዳኛው፣ ለሐኪሙ እርስዎ ትላላችሁ። ጠዋት ተነሥታችሁ ስትጸልዩ ግን ሰማይና ምድርን የፈጠረውን «አንተ» ትሉታላችሁ። ማን ፈቀደላችሁ? እሱ ራሱ ነዋ! እንዲያ እንድትቀርቡት ወድዶ ነው። ታዲያ እግዚአብሔርን «አንተ ታውቃለህ» ያለ አፍ፣ ወንድሙን በምን ድፍረት «እርስዎ» ብሎ ያርቃል?

ይህን ስናገር የአንድ ሰው ስም ልባችሁ ውስጥ መጥቷል። አውቃለሁ፤ ለእኔም መጥቶብኛል። መልሳችሁ አታባርሩት። ከዚህ ስትወጡ ደውሉለት። ማን እንዳጠፋ ዛሬ አትጀምሩ። ሲያነሣ «እንዴት ነህ?» በሉት። ዝም ካለ አትዝጉበት፤ እያለቀሰ ይሆናል።