የሸህ ሙዘሚል ሶብርና የሩቅያ ወገብ

ስሟን ያቆየልን የለም እንጂ፣ መስጊዷ ከግንቧ የሚቀድም አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ፣ ከታችኛው በር አጠገብ፣ ሸህ ሙዘሚል የሚባሉ ኮርቻ ሰፊ ይኖሩ ነበር። ኮርቻ ሰፊ ይሁኑ እንጂ ኪታብ የቀሩ፣ ሃይማኖት የተማሩ ሰው ነበሩ። ቀን ቆዳ ይሰፋሉ፤ ማታ ከመግሪብ እስከ ኢሻ ሰላት ደረሳዎችን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ ኪታብ ያስቀራሉ። ገዢ ሲመጣ የቆዳውን ጉድለት ራሳቸው ቀድመው ያሳያሉ። «እዚህ ጋ ስስ ነው፤ ካልፈለግክ ተወው» ይላሉ። በዚህም ስማቸው የተከበረ ነበር።

ስልሳ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ዓይናቸውን ሞራ ያዘው። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋቸው። ቀጥሎ የኪታቡ ፊደል፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ የባለቤታቸው የሩቅያ ፊት። ሱቁን ዘጉ። አላህ ሁለት ልጆች ሰጥቷቸው ሁለቱንም በሕፃንነታቸው ወስዷልና ቤቱ ውስጥ ያሉት ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

በከተማዋ አንዲት ባለጸጋ ሴት ከብዙ ዘመን በፊት የተወችው ወቅፍ፣ ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረት፣ ነበር። በገበያው መካከል ያሉት ሱቆቿ የሚያስገቡት ኪራይ በእርጅናው ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ እጁን ወይም እግሩን ላጣ ሰው እንዲሆን ብላ ነበር ያወረሰችው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሰውየው ራሱ ይጠይቃል፣ ሁለት ሰው ይመሰክርለታል፣ ከጠየቀበት ቀን ጀምሮ በየወሩ እህልና መደጎሚያ ይሰጠዋል።

የወቅፉ ኃላፊ ሐጅ ጦይብ የሸሁን መታወር ሲሰሙ አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ቤታቸው ድረስ መጡ።

«ሸህ ሙዘሚል፣ ሰደቃ ይዤ አልመጣሁም» አሉ። «ድርሻዎ ነው። እርስዎ ይጠይቁ እንጂ እኔ ዛሬውኑ እጽፍዎታለሁ።»

«ከኔ የባሰ አለ። ለእሱ ስጡት።»

«ለእሱም አለ። ወቅፉ አልጎደለም።»

ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐጅ ጦይብ፣ ዕድሜ ልኬን እጄን የዘረጋሁት ለአላህ ብቻ ነው። አሁን መቃብሬ አፋፍ ላይ ደርሼ ለፍጡር አልዘረጋም። ታግሼ፣ ሶብር ማድረግ ይሻለኛል።»

ሐጅ ጦይብ አክብረዋቸው ወጡ። ሩቅያ ሁሉንም ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች። ማታ እራት ስታቀርብ፣ «ሸሁ፣ ድርሻዎ ነው አሉዎት እኮ» አለች።

«ሶብር አድርጊ ሩቅያ። አላህ የምንበላውን አላሳጣንም።»

«እሺ» አለች። ነገሩን ደግማ አላነሳችውም።

የሚበላው ግን ከየት እንደሚመጣ ሸሁ አንድ ቀን ብቻ ነበር የጠየቁት። «አላህ ይሰጣል» አለቻቸው፤ ውሸትም አልነበረም። አላህ የሚሰጠው ግን በእሷ ጉልበት ነበር። ሩቅያ ከሱብሂ የንጋት ሰላት በኋላ ወጥታ በላይኛው ሰፈር ባለ አንድ ነጋዴ ቤት እስከ ቀትሩ ዙህር በድንጋይ ወፍጮ እህል ትፈጫለች፤ ሲመሽ በእንስራ ውኃ ታመላልሳለች። ዕድሜዋ ስልሳን አልፏል። ሸሁ በሩ ሲዘጋ ይሰማሉ፤ ዘመድ ልትዘይር፣ ልትጠይቅ ወጣች ብለው ያስባሉ። በየማለዳው የሚዘየር ዘመድ እንደሌላት ልባቸው ያውቅ ነበር። ያወቀውን ግን አልመረመሩትም።

አንድ ጁምዓ ኢማሙ በኹጥባ ስብከታቸው፣ «ከመካከላችን ዓይኑን አጥቶ እጁን ለማንም ያልዘረጋ ሰው አለ፤ ሶብርን ከእሱ ተማሩ» አሉ። ስም አልጠሩም፤ ግን ሁሉም አወቀ። ሸሁ በመጀመሪያው ሰፍ፣ በፊተኛው ረድፍ፣ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ፣ ውስጣቸውን ግን ደስ አለው። ኋላ ሁሉን ነገር ሲያስታውሱ ከምንም በላይ ያሳፈራቸው ያ ደስታ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ። በአንድ የክረምት ቀን ሩቅያ እንስራ አዝላ የድንጋዩን ደረጃ ስትወጣ እግሯ ከዳትና በጀርባዋ ወደቀች። ጎረቤቶች በቃሬዛ አመጧት። ከእነሱ መካከል ዘይነባ የምትባለው ሴት ለሸሁ ስትነግራቸው፣ «ደክሟት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ስትፈጭ ቆይታ ውኃውንም እሷው ነች የምታመላልሰው» አለች።

«የማንን እህል ነው የምትፈጨው?»

ዘይነባ ቀስ ብላ፣ «ሸሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰው ስትፈጭ አያውቁም ኖሯል?» አለች።

ሸሁ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ መኝታው ሄዱና የሩቅያን እጅ ያዙ። ቆዳ ለይቶ የሚያውቅ እጅ ነው ያላቸው። መዳፏ ሻክሯል፣ ጣቶቿ ሥር ሥሩን ተሰነጣጥቀዋል። ያ እጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ለውዱእ መታጠቢያ ውኃ ሲያፈስላቸው፣ ወደ መስጊድ ሲመራቸው ኖሯል። በእጅጌዋ ጨርቅ ጠቅልላ ነበር የምትይዛቸው፤ እሳቸው ሐያእ፣ እፍረት ነው ብለው ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሶብር አድርጊ አሉኝ። አደረግኩ።»

በድምጿ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ብትወቅሳቸው ይሻላቸው ነበር።

ወጌሻው መጥቶ አያት። «ትቀመጣለች፣ ቆማ መዋል ግን አትችልም፤ ጎንበስ ማለትም እንዲሁ» አለ።

በማግስቱ ሸሁ ማንንም ሳያስከትሉ፣ አጥር ላጥር እየተደገፉ፣ በመስጊዱ ጎን ወዳለችው የወቅፍ ክፍል ሄዱ። «ሐጅ ጦይብ፣ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ። ሐጅ ጦይብ እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። በመንገድ ሲያልፉ የነበሩ ሁለት ሰዎች ተጠርተው መሰከሩ። መጻፍ ሲደርስ ግን ሐጅ ጦይብ ብዕራቸውን አቁመው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የሩቅያን ነገር ሰምቻለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ቤትዎ መጥቼ ነበር። ያን ቀን ጠይቀዋል ብዬ ብጽፍ ማንም አይመረምረኝም። የተጠራቀመው ባንድ ጊዜ ቢሰጥዎ በወደብ ከተማ ካለው ሐኪም ዘንድ ያደርሳታል።»

የዱሮው ሙዘሚል ቢሆን መልሱ አፉ ላይ ነበር። «ነገ እመለሳለሁ» አሉ ሸሁ። «ሩቅያን ሳልጠይቅ አልመልስልዎትም።»

ማታ ነገሩን እንዳለ ነገሯት። ሩቅያ ትራሷን ተደግፋ አዳመጠቻቸው።

«ያን ቀን ጠይቀው ነበር?»

«አልጠየቅኩም።»

«እንግዲያስ አይጻፍ። የሌላ አካል ጉዳተኛ ሐቅ ነው። ለኔ ሲሉ በውሸት እንዲፈርሙ አልፈልግም። ከዛሬ ያለው ይበቃናል።»

«አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ሩቅያ።»

«ድሮ አፉ ብዬዎታለሁ።»

«አንቺ አፉ አልሽ» አሉ ሸሁ። «ወገብሽ ግን አፉ አላለኝም።»



በማግስቱ ስማቸው ከጠየቁበት ቀን ጀምሮ ተጻፈ። ሐጅ ጦይብ እህሉን በስውር ቤታቸው እንደሚያደርሱ ሲነግሯቸው ሸሁ እምቢ አሉ። ጁምዓ ከሰላት በኋላ ኢማሙን አስፈቅደው በተሰበሰበው ጀመዓ ፊት ቆሙ። «በሶብሬ አመሰገናችሁኝ» አሉ። «ሶብሩ የሩቅያ ነበር። እኔ ስሙን ብቻ ነው የወሰድኩት። ሐቃችሁ የሆነውን ጠይቁ። እኔ ጠይቄያለሁ፤ ግን ዘግይቼ ነው።» ይህን ብለው ተቀመጡ። በዚያው ሳምንት እጁ እየተንቀጠቀጠ ሥራ ያቆመ አንድ ሽማግሌ ብረት ሠሪ በልጁ ሚስት ተደግፎ ወደ ወቅፉ ክፍል መጣ። ጆሮዋ የደነቆረ አንዲት ባልቴትም ተከተለች። ሁለቱም ሸሁ እስኪናገሩ ድረስ ለዓመታት ችግራቸውን ደብቀው የኖሩ ነበሩ።

ባልና ሚስቱ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። እህሉ በየወሩ መጣ፤ ውኃ የምታመላልስ ሴትም ተቀጠረች። ሩቅያ ግን ዳግመኛ ቆማ አልሰገደችም። በየሰላቱ ሸሁ ሲቆሙ እሷ ከኋላቸው ተቀምጣ ትከተላለች። እሳቸው ለሩኩእ ሲያጎነብሱ እሷ ልታጎነብስ ስትሞክር ትንፋሿ ሲቆረጥ ይሰማቸዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ያን ትንፋሽ ሰምተዋል።

በመጨረሻ ዘመናቸው አንድ ደረሳቸው ስለ ሶብር ጠየቃቸው። ሸሁ እንዲህ አሉት፦ «በራስህ ጀርባ የተሸከምከው ሶብር ነው። በሌላው ጀርባ የጫንከው ስሙ ሌላ ነው።»

ስሙ ማን እንደሆነ ሸሁ አልነገሩትም። ምናልባት ኪብር፣ ኩራት ነው፤ ምናልባትም ሳያዩ ማለፍ ብቻ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ የሚከብደኝ ሸሁ መጥፎ ሰው አለመሆናቸው ነው። የስሱን ቆዳ ነውር ለገዢ ያሳዩ የነበሩ ሰው፣ የቤታቸውን ጉድለት ለራሳቸው ማሳየት ተሳናቸው። ለአቅመ ደካማ የተመደበን ሐቅ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ የሰጠችው ሴት ለዚያ ብላ ነው የሰጠችው፤ ምንዳዋም የሚደርሳት ተቀባይ ሲገኝ ነው። ዛሬም በየሰፈሩ «እኔ ማንንም አላስቸግርም» የሚል አዛውንት አለ። እናከብረዋለን፣ በየመድረኩም እናወድሰዋለን። እውነትም ነው፤ ማንንም አያስቸግርም፣ አብራው ከምትኖረው በቀር።

አላህ የተሰጠንን ሳናፍር የምንቀበል፣ የሌላውን ድካም እሱ ሳይወድቅ የምናይ ያድርገን።