«በኋላ» ብሎ እምቢ ያለው ብሩሽ ሠሪ

አንድ ዓይነ ስውር ብሩሽ ሠሪ ነበር፤ ይርዳው ይባላል። ደንበኞቹ የሚያዙት በስልክ ነው። የሚመጣለትን መልእክት ሁሉ ስልኩ ውስጥ ያለች ድምፅ በአማርኛ ታነብለታለች፤ ማን እንደደወለም የምትነግረው እሷ ናት። ይርዳው «ሴትዮዋ» ይላታል። ያለ እሷ ስልኩ ለእሱ የመስታወት ቁራጭ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ሴትዮዋ፣ «ለስልክዎ አዲስ አፕዴት መጥቷል። አሁን ይጫን ወይስ በኋላ ላስታውስዎ?» አለችው። ይርዳው ነገሩ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። እንደ እሱ ዓይነ ስውር የሆነው፣ አብሮት ብሩሽ የሚሠራው ቶላ ያንኑ አፕዴት በጫነ ማግስት የአማርኛዋ ድምፅ ጠፍታበት፣ ስልኩ እስከ ዛሬ በፈረንጅኛ ብቻ ይለፈልፍበታል። ምስኪኑ ቶላ አሁን የሚያነሳው የማንን ስልክ እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ ይርዳው «በኋላ» የሚለውን ነካ። በማግስቱ ደግማ ጠየቀችው፤ አሁንም በኋላ አላት። «እምቢ» የሚል ምርጫ እኮ አልተሰጠውም። የሠሩት ሰዎች ረስተውት እንዳይመስላችሁ! እሱ ግን ቅር አላለውም። ባደገበት ወግ ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። «እስቲ በኋላ» የተባለ ሰው ነገሩ ይገባዋል፣ ሳይቀየም ይሄዳል፣ ጉዳዩም በዚያው ይቀራል።

አንድ ቀን ጠዋት ብሩሽ እያሰረ ሳለ ሴትዮዋ፣ «በኋላ ባሉት መሠረት አፕዴቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በራሱ ይጫናል» አለች። ይርዳው የያዘውን ጥሎ፣ በትሩን አንስቶ፣ መንገዱን ተሻገረና ሞባይል ጠጋኟ ሀያት ዘንድ ደረሰ።

«ይሄ ስልክ ሴትዮዬን ሊቀማኝ ነው! እኔ መቼ እሺ አልኩ?»

ሀያት ስልኩን አየችና ሳቋ መጣ። «ጋሼ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ በኋላ ብለውታል እኮ።»

«በኋላ ማለት እምቢ ማለት ነዋ! አማርኛ አታውቂም እንዴ?»

«እኔማ አውቃለሁ። የማያውቀው ስልኩ ነው። በኋላ ሲሉት ተስማምተዋል፣ የቀረው ሰዓቱ ብቻ ነው ብሎ ይይዘዋል።»

ይርዳው በስልኩ ተናደደ፤ ይበልጥ የተናደደው ግን በራሱ ነበር። «በይ እንግዲህ በሚገባው ቋንቋ እምቢ በይልኝ» አላት።

«እላለሁ፤ ግን አዲሱ ከሌባ ይጠብቃል። አሮጌው ላይ ሲቀሩ አደጋ አለው።»

«የባንኩን ነገር ከውስጡ አውጪልኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ። ሴትዮዋ በአዲሱ ላይ በአማርኛ መናገር የጀመረች ቀን ራሴ መጥቼ ጫኚልኝ እልሻለሁ። እስከዚያ ስልኩ የእኔ ነው፤ ጆሮውም የእኔ ነው!»

ሀያት የወረደውን አፕዴት ሰረዘች፤ ስልኩ በራሱ እንዳይጭንም ዘጋችው። ሴትዮዋ «በራሱ መጫን ጠፍቷል» ብላ ስታነብ ይርዳው «ተባረኪ» አለ። ከሁለቱ ለማን እንዳለ ሀያት አልገባትም።

ቤቱ ሲደርስ ደላላው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ይህ ሰው ይርዳው የሚሠራባትን፣ እያንዳንዱን ጥግ በእጁ የሚያውቃትን የገዛ ክፍሉን ለሌላ ለቅቆ ከከተማ ዳር እንዲገባ ለወራት ሲወተውተው የከረመ ነው።

«ጋሽ ይርዳው፣ በኋላ ብለውኝ አልነበር? ይኸው ዕቃዎን የሚጭን መኪና ይዤ መጣሁ» አለው።

ይርዳውን ቃሉ ከአፉ ለመውጣት ከበደው፤ ወጣ ግን።

«እምቢ።»

«ምን አሉኝ?»

«እምቢ አልኩህ። ዛሬም እምቢ፣ በኋላም እምቢ።»

ደላላው ተቀየመ። ይርዳው «ይቀየም!» ብሎ በሩን ከፍቶ ገባና ሥራውን ቀጠለ። መኪናው ባዶውን ሲመለስ ሰማው።

ወዳጆቼ፣ ይሉኝታ የሚያምረው ይሉኝታ ከሚያውቅ ጋር ነው። የማያውቀው ዘንድ ለስላሳው ቃላችን እንደ ፊርማ ይቆጠርብናል። «እምቢ» የሚል ቁልፍ ባይሠሩልን እንኳ፣ እምቢ የምንልበት አፍ አለን። ለመሆኑ እናንተ «በኋላ» ብላችሁ የሸኛችሁት፣ እሱ ግን እሺ እንደተባለ ቆጥሮ ሰዓቱን የሚጠብቅ ስንት አለ?