ጣራ ላይ የቀሩት ቄስ

የሾላ ሜዳ ሰው፣ ጎረቤቱን ገፍቶ በገዛ ራሱ ላይ መከራ የሚጠራ ሲያጋጥመው ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። ልጅ አዋቂው ይላታል፤ ከየት እንደመጣች ብትጠይቁት ግን ራሱን ያካል። እንዲያው ዝም ብላ የተባለች እንዳትመስላችሁ። እኔ ልንገራችሁ።

ሾላ ሜዳ ወሎ ውስጥ ናት። ሙስሊምና ክርስቲያኑ አጥር ለአጥር ተጠጋግቶ፣ ተጋብቶና ተዋልዶ ይኖርባታል። መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ ድንጋይ ያቀብላል፤ ለጥምቀት ዋዜማ ደግሞ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ወጥቶ ባንዲራ የሚያስረው ሙሄ አናጢው ነው። አባቱም ያስሩ ነበር።

የሚካኤሉ ቄስ ልሳነወርቅ ከተማ ገብተው ስድስት ወር ተምረው ሲመለሱ ይህ ነገር ከነከናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መንጋዬ ይበተንብኛል የሚል ፍርሃት እንቅልፍ ነሥቷቸው ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ካሉት ጋር መዋዋስ የለም። የተዋሳችሁትን መልሱ። የእነሱ ዕቃ በዚህ ግቢ እንዳይታይ። ‹ለዛሬ ብቻ› የሚል ይመጣል፤ አትስሙት። እኔ ራሴ ብለምናችሁ እንኳ እንዳትሰሙኝ።»

ጉድ ፈላ። ወንፊት የሚመልስ፣ ሙቀጫ የሚመልስ፣ አህያ እየጎተተ የሚመልስ መንገዱን ሞላው። አንዷ ሴትዮ ሙስሊም ጎረቤቷ ትናንት «እንደምን ዋልሽ» ስትላት ሳትመልስላት ገብታ ኖሮ፣ ሰላምታም ብድር ነው ብላ የጎረቤቷን በር አንኳኳችና «እንደምን ዋልሽ፤ በቃ ዕዳችን አለቀ» ብላት ሄደች። ይመር የሚባለው ገበሬ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ቄሱ ዘንድ ቀረበ።

«አባ፣ ባለቤቴ የሙሄ እህት ናት። እሷንም ልመልስ?»

«እሷማ ተጠምቃለች።»

«እናቷ ግን በየሳምንቱ ወተት ይልኩልን ነበር። ወተቱን ጠጥተነዋል። እንዴት እናድርግ?»

ቄሱ ላስብበት ብለው አሰናበቱት።

ከተራ ደረሰ። ሁለተኛው ቄስ እግራቸው ተሰብሮ ስለተኙ፣ ታቦቱን አክብረው ወደ ወንዝ የሚወርዱት ቄስ ልሳነወርቅ ብቻ ነበሩ። የሁለት ደብር ታቦቶች መገናኛው ላይ ሚካኤልን ጠብቀው ነው አብረው የሚወርዱት፤ እነሱን ማስጠበቅ ለሾላ ሜዳ ውርደት ነው። ባንዲራው ግን ገና አልታሰረም። ሙሄ ተከልክሏል፣ ሌላው ሰው ከፍታ ይፈራል። ቄሱም «እኔው እወጣለሁ» አሉ። ግድግዳው ላይ የተደገፈ ረጅም መሰላል ነበር፤ የማን እንደሆነ አላሰቡም። ቤተ ክርስቲያን ነውና ጫማቸውን አውልቀው ወጡ።

አስረው ጨርሰው ዞር ሲሉ፣ ዘበኛው ጥጋቡ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ በሩ ሲሄድ አዩት።

«ጥጋቡ፣ ወዴት ነው?»

«የሙሄ መሰላል ነው አባ። እዚህ ተረስቶ ከርሟል። ልመልስለት ነው።»

«ቆይ፣ ልውረድበትና ትመልሳለህ።»

ጥጋቡ ቆም ብሎ አሰበ። «ለዛሬ ብቻ ማለትዎ ነው?»

«አዎ፣ ለዛሬ ብቻ።»

«እንዲህ የሚል ይመጣል ብለዋል። አትስሙት ብለዋል።»

«እኔ እኮ ነኝ የምለምንህ።»

«እሱንም ብለዋል» አለና ሄደ። ምስኪን፣ እንደሱ ቃል አክባሪ በአገሩ አልነበረም።

ሰዓቱ ስምንት ሆኖ ቆርቆሮው ግሏል። ቄሱ አንዱን እግር ሲያነሡ ሌላው ይቃጠላል፣ ያንን ሲያነሡ ይሄኛው። በዚህ መሀል ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሶ ግቢውን ሞላ። ቀና ቢል ቄሱ ጣራ ላይ ይዘላሉ። «ከከተማ ያመጡት አዲስ ወረብ ነው» አለ አንዱ። ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ። ቄሱ «መሰላል» ብለው ሲጮኹ ሕዝቡም «መሰላል፣ መሰላል» እያለ በጭብጨባ ተቀበላቸው።

ከመገናኛው የሌሎቹ ታቦቶች መለከት ተሰማ። ይሄኔ ቄሱ መዝለሉንም ተዉት። ነጠላቸውን አነጠፉና ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ታቦቱ ከታች ነው፣ ሕዝቡ ከታች ነው፤ ከሁሉም ውጭ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሕዝቡ አሁን ገና ገባውና ከበሮው ዝም አለ፤ ጣራው የሚደርስ ሌላ መሰላል ግን በመንደሩ የለም።

ሙሄ ለቅሶውን ሰምቶ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ጥጋቡ ግን በሩ ላይ ዱላውን አጋድሞ ቆሟል።

«ግዝት ነው ሙሄ። አይገባም።»

«ሰውየው እየተቃጠለ እኮ ነው።»

«አይቻለሁ፤ አንጀቴን በልቶታል። ግን ግዝት ነው። ያሰረው ይፍታው።»

ሁሉም ቀና ብሎ ቄሱን አየ። መፍታት ማለት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ቄስ ልሳነወርቅ ደግሞ ከተወለዱ ጀምሮ ይህ ቃል ካፋቸው ወጥቶ አያውቅም። መለከቱ ደግሞ ጮኸ። እንባቸውን በእጃቸው ጠረጉና መስቀላቸውን አንሥተው ቆሙ።

«የገዘትኩት ፈርቼ ነው እንጂ አምኜ አልነበረም። ተሳስቻለሁ። ፈትቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታን» አሉ። ቀጥለውም ወደ በሩ ዞረው «ሙሄ ወንድሜ፣ አውርደኝ» አሉ።

ጥጋቡ ዱላውን አነሣ። ሙሄ መሰላሉን ደገፈና በሁለት እጁ ጨበጠው። «ቀስ ይበሉ አባ፣ አራተኛዋ መረገጫ ላላ ብላለች» አላቸው። ቄሱ በተላጠ እግራቸው አንድ በአንድ እየረገጡ ወረዱ። ሕዝቡ ሳቁን በነጠላው አፈነ። ያን ጊዜ ቄሱን በልጅነታቸው ያሳደጓቸው እማሆይ ወለተ ሐና በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀረቡና ወደ ታቦቱ የሚቸኩሉትን ቄስ ክንድ ያዝ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «አይ ልጄ፤ መሰላል አስመልሶ፣ ጣራ ላይ ለቅሶ።»