ሁሉም ዳር የወጡበት አውድማ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፤ ዳር የሚቀር እንዳይኖር! የማጫውታችሁ የዳርን ነገር ነውና።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ለእንስሳት ተቀጥረው በሚሠሩበት ዘመን፣ አያ ዝሆን የሚባል ባለጸጋ ሰፊ አውድማ ነበረው። ገብሱን እንዲያበራዩለት በሬን፣ አህያንና ላሚትን ቀጠረ፤ ዝንጀሮን አለቃ አደረገባቸው። ደመወዛቸው ጭድ ነበር።

ላሚት ከበሬ ጎን ለጎን ስትዞር ዋለች። ሲመሽ ዝንጀሮ ለበሬ እቅፍ ሙሉ ጭድ ሰጠ፤ ለአህያም እቅፍ ሙሉ ሰጠ። ለላሚት ግን አንዲት እፍኝ ወረወረላት። እቤት ጥጃዋ ጡቷን ይጠብቃል፤ በእፍኝ ጭድ ምን ወተት ይመጣል?

«አለቃ፣ እኩል ዞሬ ለምን እኩል አልበላም?» አለች።

«ሴት አይደለሽ እንዴ? አውድማ የወንድ ነው! ደግሞ አፍ አወጣሽ? ከነገ ጀምሮ ወደ ዳር!»

መሀል ያለው ዘወር ዘወር ሲል፣ ዳር ያለው ሜዳውን ሁሉ ያካልላል። በነጋታው ላሚት ዳር ዳሩን ስትዞር እግሯ ዛለ።

አህያ ዝም ማለት አቃተው። «አለቃ፣ ላሚት እውነቷን ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

«አንተም ወደ ዳር!»

በሬ የሚያመነዥገውን ዋጥ አደረገና፣ «እኔም አይቻለሁ። እንዲያውም የእሷ ድርሻ ያለው እኔ ሆድ ውስጥ ነው» አለ።

«አንተም ወደ ዳር!»

ሦስቱም ዳር ወጡ። ይኼኔ መሀል የተነጠፈው ገብስ ጮኸ፦ «ኧረ ጎበዝ! እኛንስ ማን ሊያበራየን ነው?»

ዝንጀሮ ቀና ቢል አያ ዝሆን ቁልቁለቱን እየወረደ ነው። ክው አለ። ወደ ላሚት ሮጦ፣ «ላሚትዬ፣ ነይ መሀል ግቢ። ጭድሽንም እሞላልሻለሁ። ብቻ አህያና በሬ ዋሽተዋል በይልኝ» አላት።

ላሚት ጥጃዋን አሰበች። ለምን እዋሻችኋለሁ ልጆች፣ ልቧ ወላወለ። ግን አህያ ስለ እሷ ብሎ ዳር ዳሩን እየዞረ ሲያነክስ አየችው።

«አልልም!» አለች። «ከገባን አብረን ነው የምንገባው።»

ዝንጀሮ ምን ያድርግ? ራሱ መሀል ገብቶ ይረግጥ ጀመር። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ! ዝሆን ሲደርስ ዝንጀሮ ጭንቅላቱ ዞሮበት፣ የዝሆንን እግር ምሰሶ መስሎት ጥምጥም አለበት።

«አለቃ፣ ሠራተኞቼስ?»

«ዳር ናቸው ጌታዬ… ጭድ ያነሰኝ ያለችም ዳር፣ አየሁ ያለም ዳር፣ ሁሉም ዳር!» ብሎ ዘረገፈው።

ገብሱ በሳቅ ፈነዳ። ዝሆንም ጆሮው እስኪርገበገብ ሳቀና ኮስተር አለ። «ከዛሬ ጀምሮ እኩል የዞረ እኩል ይበላል። መሀልና ዳሩ በተራ ነው። እውነት ተናገረ ተብሎ የሚቀጣ የለም! አንተም አለቅነቱን ተውና ከእነሱ ጋር ዙር። በመጀመሪያ ግን ያስቀረህባትን ጭድ ተሸክመህ እቤቷ አድርስላት።»

ዝንጀሮ ጭዱን ተሸክሞ እየተንገዳገደ ከላሚት ኋላ ተከተለ። ያን ቀን ጥጃው አፉ አረፋ እስኪደፍቅ ጠባና ግቢውን በዝላይ አመሰው።

አያችሁ ልጆች፣ የተበደለውንም፣ የመሰከረለትንም ዳር የሚያወጣ አለቃ፣ መጨረሻ ላይ መሀል ብቻውን ይዞራል። ተረቴ በረቷ ገባች፤ እናንተም ተቃቅፋችሁ ግቡ።