ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ምን አለ?

አንድ ሰው ነበረ፤ ድሬዳዋ፣ በምድር ባቡር ጋራዥ የሚሠራ። ሚስት ነበረችው። ሚስቱ ስለ ባሏ ስትጠየቅ፣ ደግ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ደስ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶልኝ አያውቅም ትል ነበር።

ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ወንዶች ስንቶቻችሁ በዚሁ ትከሰሳላችሁ? አትሳቁ። የምትስቁት እናንተ ናችሁ፤ ሚስቶቻችሁ አልሳቁም።

ታሪኩን የነገሩኝ ባለቤቲቱ ራሳቸው ናቸው፤ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። በጉባኤ ብናገረው ቅር ይልዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ተናገረው፤ እሱም ቁጭ ብሎ ይስማ" አሉኝ። አሁን ሁለቱም አርጅተዋል፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ገና ወጣቶች ናቸውና አንተ፣ አንቺ እያልኩ ብተርክ አትታዘቡኝ።

እንግዲህ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ሁለቱ አዲስ ተጋቢዎች በነበሩበት ዘመን፣ በድሬዳዋ የእሁድ ከሰዓት መዝናኛ ሲኒማ ነበር። ፊልሙ ከአሜሪካ፣ ከሆሊዉድ ይመጣል። ጥቁርና ነጭ ነው። ወንዶቹ ሁሉ ባርኔጣ ያደርጋሉ፤ ሴቶቹ ሲያለቅሱ እንኳ ፀጉራቸው አይበላሽም። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው፤ ከሥር የሚጻፈው ትርጉም ደግሞ ፈረንሳይኛ። በባቡሩ ምክንያት ከተማው ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው አይጠፋም ነበር። በርካሹ ወንበር የሚቀመጠው ሕዝብ ግን አብዛኛው አያነብም። ስለዚህ በየመደዳው አንድ ፈረንሳይኛ አውቃለሁ የሚል ሰው ይቀመጥና ለጎረቤቶቹ ይተረጉማል። ሰውም ቦታውን የሚመርጠው አስተርጓሚውን እያየ ነበር።

የዚህች ሴት ባል፣ ውብሸት፣ አስተርጓሚ ነበር። ያውም የተወደደ አስተርጓሚ። "ሙሴ ውብሸት የቱ ጋ ነው?" እየተባለ ይፈለጋል። ለፈረንጅ የሚሰጡትን መጠሪያ ለእሱም ሰጥተውት ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበረ። ውብሸት ፈረንሳይኛ አያውቅም።

የሚያውቀው የጋራዡን ፈረንሳይኛ ነው፤ የቡሎኑን፣ የዘይቱን፣ የፍሬኑን ስም። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ደግሞ ለቆንጆ ሴት ስለ ፍሬን አያወራላትም። ነገሩ የተጀመረው አስካለን ሊያጫት ሲመላለስ ነው። ሲኒማ ቤት ተቀምጠው ሳለ፣ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ታነበዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ያለምንም ችግር አላት። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። የተዋናዮቹን ፊት ያያል፣ ነገሩን ከራሱ ይፈጥራል፣ መደዳውን ያስቃል፣ ያስለቅሳል። ሌሎቹ አስተርጓሚዎች የተጻፈውን ብቻ ስለሚናገሩ ከእሱ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ከዚያ ተጋቡ። ዓመት አለፈ፤ ሌላም አለፈ፤ ልጅ የለም። አንድ ጊዜ እናቱ ከጭሮ መጡ። አስካለ ጓዳ ሆና ሰማች፤ እናቱ ሌላ ሴት አግባ፣ ዘርህ እንዳይጠፋ እያሉ ይመክሩታል። የእሱን መልስ ግን አልሰማችም፤ እናቱን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። በማግስቱ እናቱ ሳይሰናበቷት ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስካለ መጠበቅ ያዘች። አንድ ነገር ይለኛል ብላ ነው። "ውጪልኝ" ይለኛል ወይስ "ቆይልኝ" ይለኛል? ምግቡን ስታቀርብ ፊቱን ታያለች።  እሱ ግን ዝም። እናቱን እንቢ ብሎ፣ አስቆጥቶ፣ እርግማን ተቀብሎ መልሷቸዋል፤ ለሚስቱ ግን ይህን አልነገራትም። ለምን? አፍሮ ነው። ደግሞም ታውቀዋለች ብሎ ነው። እኛ ወንዶች "እሷ ታውቀዋለች" እያልን ያስቀመጥነው ነገር ብዛቱ!

እሁድ ደረሰና እንደ ልማዳቸው ሲኒማ ሄዱ።  ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከሚስቱ ጋር ደረጃ ሥር ቆሟል። ውጭ ይዘንባል። ሚስቲቱ ታለቅሳለች። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀና ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። መደዳው ጆሮውን ቀሰረ። ውብሸት ግን ዝም አለ። ከኋላ አንድ ሰው ትከሻውን ነካ አድርጎ ምን አለ ሲል ጠየቀው።

ያን ጊዜ ውብሸት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመ። "'ልጅ መጣም ቀረም እኔ ያገባሁት አንቺን ነው። ማንም ቢመጣ ከዚህ ቤት አትወጪም። እኔም አልወጣም' ይላታል።"

አንዲት እናት ከኋላ "ይባረክ" አሉ። አስካለ በጨለማው ውስጥ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከስንት ቀን በኋላ ለጊዜው ልቧ ቀለል አለ።

ግን እዩልኝ። ማንን አመሰገነች? ውብሸትን? አይደለም። ባርኔጣ ያደረገውን ሰውዬ ነው። እንዲህ ያለ ባል በዓለም ላይ ካለ እኔም ተስፋ አለኝ አለች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስትጸልይ፣ ለዘመድ ለወዳጅ ከጸለየች በኋላ፣ "ያንን ባርኔጣ ያደረገውን ሰው ባርክልኝ፤ ትዳሩንም ጠብቅለት" ትላለች። ከባሏ ጋር ሲጋጩ ደግሞ ያንኑ ቃል ታነሣለች፤ የባሕር ማዶው ሰው እንኳ ለሚስቱ ምን እንዳላት ሰምተሃል፣ አንተ ግን አንድ ቃል አይወጣህም ትለዋለች።

ውብሸት ምን ያድርግ? "እኔ ነኝ ያልኩት" እንዳይል፣ ፈረንሳይኛ አላውቅም ማለት ሊሆንበት ነው። ያ ሁሉ መደዳ፣ ያ ሁሉ "ሙሴ ውብሸት" ሊቀርበት ነው። ስለዚህ ዋጥ ያደርገዋል። በገዛ ቃሉ ሲወቀስ፣ ራሱ በፈጠረው ሰው ሲቀና ኖረ። ከዚህ የባሰ ሞኝነት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ክብራችንን እንዳናጣ ብለን ከዚያ የሚበልጥ ነገር የምናጣ ብዙዎች ነን።

ዘመን አለፈ። ልጅ አልመጣም። የውብሸትን የእህት ልጅ ፍሬሕይወትን ወስደው አሳደጉ። ፍሬሕይወት አድጋ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነች። ያደገችው የባርኔጣውን ሰውዬ ታሪክ እየሰማች ነው። አንድ ቀን እማዬን ላስደስታት ብላ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ያዘች። የፊልሙን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ደረጃ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ባርኔጣ አለ። የድሮ ፊልሞች ሁሉ ደረጃና ዝናብና ባርኔጣ ስላላቸው ብዙ ደከመች። በመጨረሻ ከአንድ ፎቶ ለየችውና፣ ከእነሱ ጋር ላየው ብላ ሳትከፍተው አቆየችው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታ ሁለቱን አስቀመጠቻቸውና፣ ዛሬ የምተረጉመው እኔ ነኝ አለች። ያን ጊዜ ውብሸት ከሰው ጋር ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለው። ከዘራውን አነሣ። አስካለ ግን ቁጭ በል አለችው፤ ቁጭ አለ።

ፊልሙ ተጀመረ። ነገሩ ከመጀመሪያውም አላምር አለ። አስካለ የሰውዬው እህት ናት ብላ የምታውቃት ሴት የቤት ሠራተኛ ሆና ተገኘች። ሐኪሙ ጠበቃ ሆነ። አስካለ በአዘኔታ ዞር አለችና፣ ልጄ፣ እንግሊዝኛው ከብዶሽ እንደሆነ አባትሽ ያግዝሽ አለቻት። ውብሸት ወለሉን ያያል።

ደረጃው መጣ። ዝናቡ መጣ። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። አስካለ ቃሉን በልቧ ስለምታውቀው ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ፍሬሕይወት ተረጎመች፦ "ቤቱን ሸጬዋለሁ። እኔ በጠዋቱ ባቡር ብቻዬን እሄዳለሁ፤ አንቺ እናትሽ ዘንድ ግቢ።"

አስካለ እንድትደግምላት ጠየቀች። ተደገመ። ቃሉ ያው ነው።

እስቲ እናንተ በእሷ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። የኖረችው በዚያ ቃል ነው። ልጅ ሲቀርባት፣ ጎረቤት ሲያማት፣ ያ ቃል ነበር የደገፋት። አሁን ማንም እንዳልተናገረው ታወቀ። ወይዘሮ አስካለ ሲነግሩኝ እንዲህ አሉኝ፦ "ዕድሜዬን በሙሉ የተደገፍኩበት ግድግዳ የለም የተባልኩ መሰለኝ።"

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

"ውብሸት፣ ታዲያ ያን ቀን የተናገረው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አላት። "ፈረንሳይኛ አላውቅም ነበር።"

"ምኑንም?"

"የጋራዡን ብቻ።"

"ቃሉ ለኔ ከሆነ፣ ለምን ለራሴ አልነገርከኝም?"

"ፊትሽን እያየሁ መናገር አቃተኝ። እዚያ ጨለማ ነበር" አላት።

 ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያቺ ሴት አሁንም ታለቅሳለች። ኋላ እንዲህ አለችው፦ "እኔ እኮ ለዚያ ሰውዬ ስጸልይለት ነው የኖርኩ።"

"አውቃለሁ፤ እሰማሽ ነበር።"

"ለማን ነበር ታዲያ የምጸልየው?"

"ለኔ" አላት። 

ሳቀች፣ አለቀሰች። ደግሞም ተቆጥታለች፤ ይህን እንዳልደብቅ አደራ ብለውኛል። ስጸልይለት የኖርኩትን ሰው አገኘሁት ብላ ደስ አላት፤ ያን ሁሉ ዘመን ዕቃው ቤቷ ውስጥ ተቀምጦ እሷ በችግር መኖሯ ደግሞ አንገበገባት። ሁለቱንም አንድ ላይ። ከዚያ፣ "በል ወንበርህን አዙር፤ ቴሌቪዥኑን ሳታይ ንገረኝ" አለችው። ፍሬሕይወት ተነሥታ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችላቸው።

ውብሸት ምን አላት? እኔም ወይዘሮ አስካለን ጠይቄያቸው ነበር። "እሱን አትጠይቀኝ፤ እሱ የኔ ነው" አሉኝ።

ወገኖቼ፣ እነዚያን የድሮ ፊልሞች እኔም አያቸዋለሁ። ሁሉም የሚሠራው በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር አሉ። ዝናቡ ከቧንቧ የሚወርድ ነው፤ ጨረቃዋ ሸራ ላይ የተሳለች ናት። ያን እሁድ በድሬዳዋው ሲኒማ ውስጥ እውነት የነበረው ምንድን ነው? ዝናቡ ውሸት፣ እንባው ውሸት፣ ትርጉሙ ውሸት። ውብሸት የተናገረው ቃል ብቻ እውነት ነበር፤ እሱኑ ደግሞ ለሌላ ሰው አለበሰው።

ውብሸት ደግ አደረገ ልበላችሁ? ቃሉ ደግ ነበር፤ አሰጣጡ ግን ግማሽ ነበር። ያ ግማሽ ሚስቱን አኖራት፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ማኖርና ማሳረፍ አንድ አይደሉም። "ከዚህ ቤት አትወጪም" የሚለውን ቃል የሰጣት ባሏ መሆኑን ብታውቅ፣ አማቷ ከጭሮ በመጡ ቁጥር ባልደነገጠች ነበር።

እናንተስ ፍቅራችሁን በማን አፍ ነው የላካችሁት? ለልጅህ ኮራሁብህ ማለት አቅቶህ ለጎረቤት የምታወራው አንተ፣ ልጅህ ከጎረቤት ሊሰማው ነው? ለእናትሽ ይቅርታ ማለት ከብዶሽ በበዓል ቀሚስ የምትልኪው አንቺ፣ ቀሚሱ ይናገርልኛል ብለሽ ነው? ባል ሆይ፣ ደመወዜን አመጣለሁ፣ እሱ አይበቃም ወይ ትላለህ። እሷ እኮ ደመወዙን አላገባችም።

የምናመልከው ጌታ እንዲህ አላደረገም። በነቢያት አፍ ተናገረ፤ እውነት ነው። በአስተርጓሚ ላከ፤ እሱም ፍቅር ነበር። ግን በዚያ በቃኝ ብሎ አልቀረም። ራሱ መጣ። ፊታችንን እያየ፣ በራሱ አፍ፣ በራሱ ደም፣ "አልተዋችሁም" አለን። ከመጋረጃ ጀርባ ሊወደን አልፈለገም። እኛ የዚህ ጌታ ልጆች ሆነን፣ ጨለማ ካልሆነ መናገር አይሆንልንም እንዴት እንላለን?

አንዳንዶቻችሁ አሁን በልባችሁ፣ ይህን ስብከት እገሌ በሰማ ትላላችሁ። ስብከቱንም አስተርጓሚ ልታደርጉት ነው። ቀድታችሁ ልትልኩለት ነው። እኔ የሲኒማው ሸራ አይደለሁም። እኔ ተናግሬላችሁ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ልትወጡ አይደለም።

ስለዚህ መዝሙሩ ይቆይ። ትንሽ ጊዜ እሰጣችኋለሁ። ከባለቤታችሁ፣ ከእናታችሁ፣ ከወንድማችሁ ጋር የመጣችሁ፣ ወንበራችሁን አዙሩ። ብቻውን የመጣ ወጥቶ ይደውል፤ በሩ ክፍት ነው። ምን እንደምትሉ አላስተምራችሁም፤ ቃሉ እናንተው ዘንድ አለ፤ ብዙ ዘመን ተቀምጧል።

ወደ መድረኩ አትዩ። እኔንም አትዩኝ። ንገሯቸው።