ሦስት ስም ያለው አንድ በር

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እሺ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ረጅሙ፣ እሳቱን ከለልክብን፤ ቁጭ በል።

በድሮ ዘመን፣ ከጎንደር ወዲያ፣ ሸንበቆ ውሃ በምትባል መንደር ቤተ እስራኤሎች ይኖሩ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ኦሪታቸውን በግዕዝ ያነባሉ፣ ሰንበታቸውን ያከብራሉ። መንደሯ ትንሽ ነበረች፤ ክርክሯ ግን አገር ያህላል። ድስት ላይ ክዳን ለመግጠም እንኳ ሽማግሌ ይቀመጣል። የኔም ዘር ከዚያው ነውና ስትስቁ ለኔም አስተርፉልኝ።

በዚያች መንደር ዋሴ የሚባል ጎበዝ ነበር። እግሩ አያርፍም። የመንደሯ ካህን ቄስ አስረስ ዘንድ ፊደል ሊማር ገባና፣ ግማሹን ሳያደርስ አጥር ዘሎ ጠፋ። ከዚያም ምጽዋ ወረደና ወደብ ላይ ተሸካሚ ሆነ።

ምጽዋ ላይ ከባሕር ማዶ የመጡ ሦስት አይሁድ ነጋዴዎች ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሱቃቸውን ይዘጉና ይጠራራሉ። አንዱ ይዲሽ የሚባል ቋንቋ ይናገራል፤ «ወደ ሹል እንሂድ» ይላል። ሁለተኛው የግሪክ ሰው ነው፤ «ወደ ሲናጎግ» ይላል። ሦስተኛው በዕብራይስጥ «ወደ ቤት ክኔሴት» ይላል። ግሪክ በየት በኩል ነው አትበሉኝ፤ እኔ ከቅዳሜ ገበያ ወዲያ አላውቅም።

ዋሴም ይከተላቸዋል። ግን ላቡና አቧራው ያሳፍረውና ከደጃፉ ይቀራል። አንድ ቀን ጠየቃቸውና ነገሩት። ሹል ማለት ተማሪ ቤት ነው። ሲናጎግ መሰብሰብ ነው። ቤት ክኔሴት የመሰብሰቢያ ቤት ነው። ሦስቱም ያው ጸሎት ቤት ነው፤ እኛ ቤተ እስራኤሎች መስጊድ የምንለው። ሦስቱም ሰዎች የሚገቡት በአንድ በር ነው። ዋሴ ይህን በዓይኑ አይቷል፣ በጆሮውም ሰምቷል። ማወቁን ያዙልኝ።

ከዚያም አገሩ ናፈቀውና ተመለሰ።

በዚያ ዘመን ግን ከባዕድ ጋር ከርሞ የመጣ ሰው ዘው ብሎ ቤቱ አይገባም። ወንዝ ማዶ ይቀመጣል፣ ገላውን ይታጠባል፣ የተዘፈዘፈ ሽምብራ ይበላል። ቀኑ እስኪሞላ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ባሕር ያየው ጀግና ጉንጩን በሽምብራ ወጥሮ ድንጋይ ላይ ተጎለተ።

ጊዜውም ክፉ ነበር። የመስጊዱን ጣሪያ ነፋስ ወስዶታል፣ ክረምቱ ቀርቧል። ሰዉ አዲስ መስጊድ ሊሠራ ሣር እያጨደ ነበር። የዋሴን መምጣት ሲሰማ ግን ማጭዱን ጥሎ ወንዝ ዳር ወረደ። አንጥረኛው አያ ገረመው ከወዲህ ዳር ጮኸ፦ «ዋሴ! ያሉት እውነት ነው? በባሕር ማዶም ወገን አለን?»

ዋሴ፦ «አለን እንጂ!»

አያ ገረመው፦ «መስጊዳቸውንስ ምን ይሉታል?»

ዋሴ፦ «ሹልም ይሉታል፣ ሲናጎግም ይሉታል፣ ቤት ክኔሴትም ይሉታል። ያው ጸሎት ቤት ነው።»

አያ ገረመው፦ «ያው? ምጽዋ ድረስ ወርደህ ያው? ያውን ለመስማት ነው ሥራ ፈትተን የመጣነው?»

ሰዉ ዞረ፣ ሊሄድ ነው። የአያ ገረመው ልጅ ጠጂቱም እንስራዋን አዝላ ዞረች። የዋሴ ልብ ከእንስራው ጋር ሄደ።

«ቆዩ!» አለ ዋሴ። «መች ጨረስኩና!»

ከዚያም አፉ ብቻውን መንገድ ጀመረ፦ «ሹል ክቡ ነው፤ የአንጥረኞች ነው። ሲናጎግ ባለ አራት ማዕዘኑ ነው፤ የሸማኔዎች ነው። ቤት ክኔሴት ጉብታ ላይ የሚሠራው ነው፤ የካህናት ዘር ይሰግድበታል። አንዱ በሌላው ቤት አይገባም፤ ነውር ነው!»

ጠጂቱ እንስራዋን አወረደችና ቆማ ሰማች። ዋሴም በልቡ «ተመስገን» አለ። አይ ዋሴ!

በማግስቱ መንደሯ ሦስት ሆነች። አንጥረኞቹ ክብ መሠረት ቆፈሩ። ሸማኔዎቹ አራት ማዕዘን ቆፈሩ። የቄሱ ዘመዶች ጉብታው ላይ ወጡና «ከኛ በላይ ማን አለ?» አሉ። ሣሩ ሦስት ቦታ ተከመረ፤ የአንዱም ክምር አንድ ጣሪያ አይሞላም። የአንጥረኛ ሚስት የሆነች የሸማኔ ልጅ ነበረች፤ ባል ሹል፣ ሚስት ሲናጎግ ሆኑና ወጣቸውን ለየብቻ ይበሉ ጀመር። ዋሴ ይህን ሁሉ ከወንዝ ማዶ ያያል። «ነገ እነግራቸዋለሁ» ይላል። ነገ ሲመጣ ደግሞ አንዱ መጥቶ «ጎበዙ፣ የክቡ በር ወዴት ይዙር?» ይለዋል። «ወደ ምሥራቅ» ይላል ዋሴ። ጥያቄ ሳይመልስ ማደር አይሆንለትም።

ሰማዩ ጠቆረ። ቄስ አስረስ መገላገል ሰልችቷቸው እንዲህ አሉ፦ «ኦሪቱን አምጡ። ዋሴ በኦሪቱ ፊት ይማል። የኛ የትኛው እንደሆነ ይናገርና ይብቃን።»

ዋሴ ወደ መንደር አይገባም። ስለዚህ ኦሪቱ ወደ ዋሴ ወረደ። ትልቁን የብራና መጽሐፍ ተሸክመው ወንዙ ዳር ካለው ሜዳ አደረሱት። ሦስቱም ወገን ቁርበቱን ይዞ መጣና ለየብቻው አንጥፎ ተቀመጠ።

ዋሴ ኦሪቱን ሲያይ ሽምብራውን ከእጁ አስቀመጠ። ቢዋሽ በኦሪት መዋሸት ነው። እውነቱን ቢያወጣ የመንደር መሳቂያ ነው፤ ጠጂቱም ዳግመኛ አትዞርም።

ቄስ አስረስ፦ «ልጄ፣ ተናገር።»

ዋሴ፦ «አባቴ፣ እስቲ መጀመሪያ ውሃ ልጠጣ።» ጠጣ።

ቄስ አስረስ፦ «እሺ፣ ጠጣህ።»

ዋሴ፦ «ፊቴንም ልታጠብ።»

አያ ገረመው፦ «ወንዙን ጨርሰህ ነው የምትናገረው?»

ይህን ሲል ሰማዩ ጓ አለ። ዝናቡም በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። በሜዳው ላይ ቤት የለ፣ ዛፍ የለ። «ቀለሙ! የኦሪቱ ቀለም ሊታጠብ ነው!» ተባለ። ቄስ አስረስ በመጽሐፉ ላይ ጎበጡበት፤ የአንድ ሽማግሌ ጀርባ ግን ስንት ይከልላል? አንጥረኞቹ ቁርበታቸውን ዘረጉ፤ አጠረ። ሸማኔዎቹ ዘረጉ፤ በመካከሉ ውሃ ፈሰሰ። አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ነበረባቸው። አንዱ ሞኝ ግን «የሹል ቁርበት በሲናጎግ ቁርበት ላይ አይደረብም!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ሞኝ «እውነቱን ነው!» አለ። ውሃው የመጽሐፉን ማኅደር ጫፍ ነካ።

ዋሴ ይህን አየና ከወንዝ ማዶ አምባረቀ፦ «ውሸቴን ነው! በአንድ በር ነው የሚገቡት! ሦስቱም ስም የአንድ ቤት ነው! ክቡንም ማዕዘኑንም ጉብታውንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ጥላችሁኝ ልትሄዱ ስትሉ ነው! ሹል እኮ ተማሪ ቤት ማለት ነው! የተማሪ ቤት አጥር ዘሎ የጠፋ ሰው ስለ ተማሪ ቤት ሲያስተምራችሁ እንዴት ታምናላችሁ? እኔ እንኳ ራሴን አላምነው!»

አያ ገረመው ይህን ሲሰማ ቁርበቱን በሸማኔዎቹ ቁርበት ላይ ደረበ። የቄሱ ዘመዶች ደግሞ በሁለቱ ላይ ደረቡ። ልክ ሣር ሲከደን እንደሚደራረብ አንዱ በአንዱ ላይ ሆነ። ትከሻ ከትከሻ ገጠመ፣ ኦሪቱ መካከል ገባ። ባልና ሚስቱም አንድ ቁርበት ያዙ።

ቄስ አስረስ ከሥር ሆነው፣ ውሃው ከጢማቸው እየወረደ ተጣሩ፦ «ዋሴ! ሲናጎግ ምን ማለት ነው አልክ?»

ዋሴ፦ «መሰብሰብ!»

ቄስ አስረስ፦ «እንግዲያው ሠርተነዋል! ሣሩ ነገ ይደርሳል!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ዋሴ ብቻ ወንዝ ማዶ ቆሞ በረዶው ይረግፍበታል። ምጽዋም ደጅ፣ አገሩም ደጅ።

በአንድ ጥግ ግን እጅ ጎደለ። ጠጂቱ ሁለት ጫፍ ብቻዋን ይዛ ተንገዳገደች።

ጠጂቱ፦ «ያ ቀጣፊ ይምጣና ይያዝ እንጂ!»

አያ ገረመው፦ «ቀኑ አልሞላም! ሊነካን ነው!»

ቄስ አስረስ ቀና አሉ፦ «እኛ በወንዝ ታጠብ አልነው። ሰማዩ ደግሞ ከራሱ እስከ እግሩ አጠበው። ከሰማዩ በላይ እኔ አላውቅም። የቅጥፈቱን ቅጣት ነገ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲከድን ይከፍላታል። አሁን ይምጣ።»

ዋሴ ወንዙን ገባበት። መካከል ላይ አንሸራተተውና ተዘርግቶ ወደቀ።

አያ ገረመው፦ «እሰይ፣ መታጠቡን ደገመው!»

ዋሴም ተነሥቶ ተሻገረ። ከቁርበቱ ሥር ገባና ከጠጂቱ ጎን ጫፉን ያዘ። ከዚያም ሊናገር አፉን ከፈተ።

ጠጂቱ፦ «ዝም ብለህ ከፍ አድርገው። አንገቴ ላይ ያፈሳል።»

ዋሴም ዝም አለ፤ ከፍ አደረገው።

በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን ውሰዱና አፌን በዳቦ ክደኑልኝ። ክፍቱን ካደረ ሌላ ውሸት ይወጣዋል።